ላይሰንሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፈተናው

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ከምንኖር ሐበሾች መሀል "ኢንሹራንስ ሽያጭ ልግባ እንዴ?" ብሎ አስቦ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ኡበር መንዳት ሰልችቶታል። ሌላዋን የሆስፒታል የሌሊት ሥራ አድክሟታል። አንዳንዱ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴል አዳራሽ ተጠርቶ፣ "የራስህ አለቃ ትሆናለህ" ተብሎ፣ ልቡ ተሰቅሎ ተመልሷል። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ላይሰንሱ ስንት ቀን ይፈጃል?

ስለ ፈተናው የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ፈተናው በሩጫ የሚታለፍ ጣጣ ተደርጎ ነው የሚወራው። "ጥያቄዎቹ አሉኝ፣ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ሸምድጂና ግቢ" ተብያለሁ። የነገረኝ ሰው ክፉ አይደለም፣ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ፈተናውን ከወሰድኩ በኋላ ተቃራኒውን ነው የማስበው። በዚህ ሥራ ውስጥ ማንም ምንም ሊሸጥልሽ የማይሞክርበት ጊዜ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ከፈተናው በፊት መልማዮች አሉ። ከፈተናው በኋላ ኩባንያና ኮሚሽን አለ። መሀል ላይ አንቺና መጽሐፉ ብቻ ናችሁ።

ቅደም ተከተሉን ላስቀድም። በቴክሳስ የሕይወትና የጤና ኢንሹራንስ ለመሸጥ መጀመሪያ ፈተናውን ታልፋላችሁ፣ አሻራ ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ ለግዛቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት 50 ዶላር ከፍላችሁ ማመልከቻ ታስገባላችሁ። ማለፊያው 70 ነው። ያለፋችሁበት ውጤት ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ግዛቱ ከፈተና በፊት ኮርስ ውሰዱ ብሎ አያስገድድም። ኒውዮርክ ላይ ለሕይወትና ጤና የ40 ሰዓት ትምህርት ግዴታ ነው፤ ፍሎሪዳ 60 ሰዓት ትጠይቃለች። ቴክሳስ "እንደፈለጋችሁ አጥኑና ኑ" ነው የምትለው። ለሚያነብ ሰው ገንዘብ ይቆጥባል። የማያነበውን ግን ማንም "ተቀመጥና ተማር" አይለውም።

ለምን ግዛት በግዛት እንደዚህ ይለያያል? ነገሩ አንድ ላይሰንስ የተከለከለ ሰው ጋ ይደርሳል። ሳሙኤል ፖል ይባላል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የፒተርስበርግ ሰው ነበር፣ የኒውዮርክ የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወኪል። ቨርጂኒያ ከሌላ ግዛት የመጣ ኩባንያ የዋስትና ሰነድ ካላስያዘ ለወኪሉ ፈቃድ አልሰጥም ትል ነበር። ኩባንያዎቹ አላስያዙም፣ ፖል ፈቃድ ተከለከለ፣ እሱ ግን ሸጠ። 50 ዶላር ተቀጣ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና እ.ኤ.አ. በ1869 ፍርድ ቤቱ ኢንሹራንስ መሸጥ በግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም፣ ስለዚህ ተቆጣጣሪው ግዛቱ ነው ብሎ ወሰነ። በ1944 ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህን አቋም ቀየረ። ኮንግረስ ደግሞ በዓመቱ፣ በ1945፣ የማካራን-ፈርገሰን ሕግ የሚባለውን አውጥቶ ቁጥጥሩን መልሶ ለግዛቶች ሰጠ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። የፖል ቅጣትና የዛሬው የቴክሳስ ማመልከቻ ክፍያ እኩል መሆናቸው ያስቀኛል። የያኔው 50 ዶላር ግን ከባድ ገንዘብ ነበር።

ደግነቱ የሚኖርበት ግዛት ላይሰንስ ያለው ሰው ሜሪላንድ ላለች እህቱ መሸጥ ቢፈልግ እንደገና አይፈተንም። የዚያን ግዛት የነዋሪ ያልሆነ ላይሰንስ አመልክቶና ከፍሎ ያወጣል። ፈተናው ዋናው በር የሆነው ለዚህ ነው። አንዴ በደንብ ከገቡበት ሌሎቹን ይከፍታል።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል እንግባ። ፈተናውን የሚሰጠው በኮንትራት የሚሠራ ፈታኝ ድርጅት ነው። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቦርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እጅጌሽን ሰብስቢ ይሉሻል፣ ኪስሽን ገልብጪ ይሉሻል፣ መነጽርሽን አውልቀሽ ታሳያለሽ። የሚጻፍበት ወረቀት የለም። ተጽፎ የሚጠፋ ሰሌዳና ማርከር ይሰጥሻል። ከእኔ ፊት የነበረ አንድ የእኛ ልጅ ግን እዚህም ሳይደርስ ተመለሰ። ሲመዘገብ እንደ አገራችን ልማድ የራሱንና የአባቱን ስም ጽፎ ነበር። መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የመጨረሻ ስሙ የአያቱ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ሁለቱን ስም አየችና በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። ልጁ "አባቴ እኮ ነው!" ይላል፣ ማን ይስማው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ስትመዘገቡ አያታችሁን አትርሱ። መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል።

ጥያቄዎቹ ባለ አራት ምርጫ ናቸው። ብዙዎቹ አይከብዱም፣ ተንኮላቸው አጠያየቃቸው ላይ ነው። "ከሚከተሉት ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ከአንዱ በቀር" የሚለው ዓይነት ይበዛል። ሲቸኩሉ ያቺ "በቀር" ትዘለልና ትክክለኛውን ነገር መርጠሽ ትሳሳቻለሽ። ጥያቄ የሸመደደ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቴሌግራሙ ጥያቄ "ነው" ሲል የፈተናው "አይደለም" ይላል፣ ሐሳቡ አንድ ነው፣ መልሱ ግን ተገልብጧል።

ይዘቱ ላይ ስደርስ ግን ማጥናቱን ትቼ ስለ ሰፈራችን ማሰብ ጀመርኩ። በተለይ አንዲት አንቀጽ። ዕድሜን አሳስቶ ስለመናገር ናት።

የእኛን ሰው የዕድሜ ነገር ታውቃላችሁ። በስደተኛ ካምፕ በኩል ከመጣው ብዙው በወረቀት የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። አንዳንዱ የተወለደበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ጽፎት፣ በወረቀት ሰባትና ስምንት ዓመት አርጅቷል። አንዳንዱ ደግሞ ትምህርት ቤት ለመግባት፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመምጣት፣ ዓመት ተቀንሶለታል። ይህ ሁሉ በኢሚግሬሽን ወሬ ውስጥ የሚነሳ ነው። ሕይወት ኢንሹራንስ ሲገዛ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ውሉ ምን ይላል? ዕድሜ ተሳስቶ ከተገኘ ኢንሹራንሱ አይሰረዝም። የሚስተካከለው ገንዘቡ ነው። ይከፍል የነበረው አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ) በእውነተኛ ዕድሜው ቢሆን ኖሮ የስንት ዶላር ሽፋን ይገዛ ነበር ተብሎ ይሰላል። እንበል ሰውየው በወረቀት 42፣ በእውነት 48 ዓመቱ ነው። የ250 ሺህ ዶላር ገዝቷል። የሚከፍለው አረቦን ለ48 ዓመት ሰው 180 ሺህ ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ሚስቱ የሚደርሳት 180 ሺህ ነው። በወረቀት ያረጀው ደግሞ በተቃራኒው ሲበዛበት ኖሯል ማለት ነው። ይህ ማስተካከያ ሁለት ዓመት አለፈው፣ አምስት ዓመት አለፈው አይልም። ክፍያ ሊፈጸም ሲል ሰነድ ይመረመራል።

ሌላው ውሸት ግን እንደዚህ በሂሳብ አይታረምም። ሲጋራ እያጨሰ አላጨስም ያለ፣ ስኳር እያለበት የለብኝም ያለ ሰው፣ ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከደረሰበት ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ቤተሰቡ የሚደርሰው የተከፈለው አረቦን ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ዓመት ካለፉ በኋላ የኩባንያው እጅ በአብዛኛው ይታሰራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሕመም አይወራም። ለእናት እንኳ አይነገርም፣ ለኢንሹራንስ ወኪል ነው የሚነገረው? አንድ ወኪል የአገሩን ልጅ "ስለ ስኳሩ አታንሳ፣ አረቦኑ ይጨምርብሃል" ሲለው ዘመድነቱን ያሳየ ይመስለዋል። ያደረገው ግን ባዶ ወረቀት መሸጥ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮሚሽኑ ግን ለእሱ ባዶ አይደለም።

ይህን ሳነብ የተናደድኩት በፈተናው አልነበረም። ያ የሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ትዝ ብሎኝ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ መኪናና ስለ ነፃነት ተወራ፣ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። "የምታውቂያቸውን ሰዎች ስም ጻፊ" የሚል ባዶ ቅጽ ግን ገና ቡናው ሳይቀርብ ተሰጥቶን ነበር።

እዚያ በብዛት የሚሸጠው ከአክሲዮን ገበያ መለኪያ (ኢንዴክስ) ጋር የተያያዘ፣ ገንዘብም የሚጠራቀምበት፣ ዩኒቨርሳል ላይፍ የሚባለው የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። "ገበያው ሲወጣ ታተርፋለሽ፣ ሲወርድ አትከስሪም፣ ጡረታሽን ያለ ታክስ ትበያለሽ።" ሲሰሙት ይጥማል። ፈተናው ያንኑ ምርት ይዞ አጥንቱ ድረስ ይገባል። ትርፉ ጣሪያ አለው፤ ኢንዴክሱ 20 በመቶ ቢወጣ ለእናንተ የሚታሰበው ኩባንያው ያስቀመጠው ጣሪያ ድረስ ነው። ወለሉ ዜሮ ነው መባሉ እውነት ነው፣ ግን ዜሮ በሆነበት ዓመትም የኢንሹራንሱ ወጪና የአስተዳደር ክፍያ ከተጠራቀመው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። የኢንሹራንሱ ወጪ ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልውጣ ካላችሁ የማቋረጫ ቅጣት አለ። "ያለ ታክስ" የሚባለው ገንዘብ ከውሉ ላይ የሚወሰድ ብድር ነው፤ ሳይከፈል ሞት ከመጣ ከወራሾች ድርሻ ላይ ይቆረጣል፣ ውሉ ብድር እንደተሸከመ ከተቋረጠ ደግሞ ታክሱ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ ምርቱ ለሚስማማው ሰው መሸጥ ይቻላል፣ የሚስማማውም አለ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ ለማይበቃ ሰው ግን ተራ የተወሰነ ዓመት ሕይወት ኢንሹራንስ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሽፋን ይሰጠዋል። ኮሚሽኑ ትንሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ አዳራሹ ውስጥ ስሙ እምብዛም ያልተነሳው።

ከዚያ የክልከላዎቹ ምዕራፍ ይመጣል። ደንበኛን በተዛባ መረጃ አሳምኖ ያለውን ኢንሹራንስ አስጥሎ አዲስ ማስገዛት። ግዛልኝና ከኮሚሽኔ አካፍልሃለሁ ማለት። ላይሰንስ ለሌለው ሰው ኮሚሽን ማካፈል። ደንበኛ የሰጠውን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር መቀላቀል። እያንዳንዱን ሳነብ አንድ የማውቀው ሰው ፊት ይመጣብኛል። ከነዚህ ስንቱ እኛ ሰፈር "ውለታ" እየተባለ ይደረጋል! ፈተናው ሰውን ሐቀኛ አያደርግም፣ አውቃለሁ። "አላወቅኩም ነበር" የሚለውን ሰበብ ግን ይወስድበታል።

የተጠቃሚ፣ ማለትም ሰውየው ሲሞት ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው፣ ስም ጉዳይም አለ። ቴክሳስ ውስጥ ሰው ሲፋታ፣ ከፍቺው በፊት በሕይወት ኢንሹራንስ ውሉ ላይ ሚስቱን ወይም ባሏን ተጠቃሚ ያደረገበት ስያሜ በአብዛኛው በሕጉ ይሻራል፤ ውሉ ራሱ አይሻርም። የፍቺው ውሳኔ ካስቀጠለው ወይም ከፍቺው በኋላ ራሱ መልሶ ስሟን ከጻፈ ይጸናል። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኘው የቡድን ኢንሹራንስ ግን በአብዛኛው የፌዴራል ሕግ ስለሚገዛው ሌላ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በኤገልሆፍ ጉዳይ እንደወሰነው፣ እዚያ ላይ የሚከፈለው ሰነዱ ላይ ስሙ ለተጻፈው ነው። ስለዚህ ከተፋታ በኋላ የሥራ ቦታ ቅጹን ያልቀየረ ሰው፣ ገንዘቡ ለቀድሞ ሚስቱ ሊሄድ ይችላል። ይህ ዝርዝር ለፈተናው የግድ አያስፈልግም። እኔ ግን የተጠቃሚን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ስፈልግ ነው ያገኘሁት። ባሌንም የሥራ ቦታ ቅጹን አውጥቶ እንዲያይ አደረግኩት። ተጠቃሚው ወንድሙ ነበር፣ ገና ሳንጋባ የሞላው። ወንድሙን እወደዋለሁ። ቅጹ ግን ተቀየረ።

ላይሰንስ ባታወጡም ፈተናውን ማጥናት አያከስርም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሸጥላችሁን ሰው ምን እንደምትጠይቁት ታውቃላችሁ። ውሉ በእጃችሁ ከገባ በኋላ አንብባችሁ ካልተስማማችሁ ገንዘባችሁን ሙሉ የምትቀበሉበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 10 ቀን የሆነ የመመለሻ ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስንቱ የእኛ ሰው ውሉን ኮሜዲኖ ውስጥ ከቶት ይህ ቀን አልፎበታል።

ፈተና ማለፍ ላይሰንስ ማግኘት አይደለም። ይህን ቀድሞ የማይናገሩ መልማዮች ያናድዱኛል። ማመልከቻው ስለ ወንጀል ሪከርድ፣ ስለ ልጅ ማሳደጊያ ዕዳ፣ ሌላ ቦታ ስለተሰረዘ ፈቃድ ይጠይቃል። አሻራው ደግሞ የተረሳውን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የፌዴራል ሕግ እምነት ማጉደል ወይም ማጭበርበር ባለበት ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው፣ ከግዛቱ ተቆጣጣሪ የጽሑፍ ፈቃድ ካላገኘ በኢንሹራንስ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሪከርድ ያለበት ሰው ገንዘብና ጊዜውን ፈተና ላይ ከማፍሰሱ በፊት፣ ቴክሳስ ውስጥ የወንጀል ታሪኬን ገምግማችሁ ንገሩኝ ብሎ መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ለዚሁ የተሠራ አሠራር አለ። የድሮ ጉዳይን ደብቆ "ምንም የለም" ማለት ብዙ ጊዜ ከጉዳዩ ከራሱ የባሰ ነው። ማመልከቻ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ የመከልከያ ምክንያት ነው።

ካለፋችሁ በኋላስ? ብዙ ሰው በዚያው ቀን ማመልከቻውን ያስገባል፣ በሳምንቱ ኮንትራት ይፈርማል። ምን አስቸኮለ? ውጤቱ ዓመት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ኮንትራቱን ወስዶ ቤት ማንበብ ይቻላል። እኔ ሁለት ነገር ፈለግኩ። አንደኛው፣ ድርጅቱን ብለቅ ደንበኞቹ የማን ናቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው ኮሚሽኑ ነው። ብዙ ቦታ ገና ያልተሰበሰበ አረቦን ታስቦ ኮሚሽኑ በቅድሚያ ይከፈላል። ደንበኛው በስድስተኛው ወር መክፈል ቢያቆም ከወኪሉ ተመልሶ ይቆረጣል። ደንበኞችሽ ዘመዶችሽ ሲሆኑ ደግሞ በይሉኝታ የገዙት በይሉኝታ ጥቂት ወር ይከፍሉና ያቆማሉ። ዕዳው ያንቺ ነው፣ ቅያሜውም ያንቺ።

የጋበዘኝን ሰውዬ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠየቅኩት። "እህቴ፣ እንዲህ ካሰብሽ አታድጊም" አለኝ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ሌላ ቦታ አመለከትኩ። አሁን የምሠራው ትንሽ ኤጀንሲ ውስጥ በደመወዝ ነው፣ አብዛኛው ደንበኛዬ መኪና ነጂ ነው። ለመኪና ኢንሹራንስ ደግሞ የሕይወቱ ላይሰንስ አይሠራም፣ የንብረትና የተጠያቂነት የሚባል ሌላ ፈተና አለው። ቴክሳስ የምታስገድደው ዝቅተኛው ሽፋን 30፣ 60፣ 25 ሺህ ዶላር (ለአንድ ተጎጂ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ፣ ለንብረት ጉዳት) መሆኑን እያንዳንዱ ኡበር ነጂ በቃሉ ያውቀዋል። መተግበሪያው በርቶ ተሳፋሪ ሳይገባ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚከፍል ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ፣ ረጅም ነው።